ጠላት የነበረ ሰው መታወቂያ ይሰጠው?

[ምስል፦ ጋራዥ። ከመኪና ሥር የወጡ ሁለት እግሮች]

አዲስ አበባ ውስጥ አንዱ ጋራዥ ግቡና ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። «ፍሪሲዮኑ አልቋል።» «ፍሬኑን እየው።» «ቸርኬው ተጣሟል፣ ጎሚስታ ጋ ውሰደው።» ሜካኒኩ ገና ልጅ ነው። ጣሊያንኛ አናግሩት ብትሉት ይስቅባችኋል። የሙያው ቋንቋ ግን ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ማን አስተማረው? አለቃው። አለቃውንስ? የሱ አለቃ። እንዲህ እያላችሁ ወደ ኋላ ከሄዳችሁ፣ አገር ሊወር በመርከብ መጥቶ፣ ተሸንፎ፣ እዚሁ የቀረ ሰው ላይ የመድረስ ዕድላችሁ ሰፊ ነው።

የዛሬው ቪዲዮ ስለዚያ ሰው ነው። ትናንት ጠመንጃ ይዞ የመጣ ሰው ዛሬ «ጎረቤት እንሁን» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ይቅር ትሉታላችሁ? መታወቂያስ ትሰጡታላችሁ? ሁለቱ አንድ ጥያቄ ይመስላሉ። አይደሉም። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ቪዲዮ የሠራሁት ሰዎች ሁለቱን ሲያደበላልቋቸው መስማት ስለሰለቸኝ ነው።

[ምስል፦ ስድስት ኪሎ፣ የየካቲት 12 ሐውልት]

መጀመሪያ በደሉን እንወቅ። በደሉ ሳይታወቅ ይቅርታ ማውራት ሂሳቡን ሳያዩ «ተከፍሏል» እንደ ማለት ነው።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ባለበት ግቢ ለድሆች ምጽዋት ሊያድል ሰው ሰብስቧል። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ከተማዋ ታረደች። ቤት ከነሰው ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቹን ቁጥር 30,000 ብሎ ነበር። በኋላ የተመራመሩ ሰዎች ወደ 19,000 ያወርዱታል። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ዲያቆናት ተረሸኑ። ከዚያ በፊት የዘነበው የመርዝ ጋዝ አለ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙን መጠቀማቸውን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። 60 ዓመት ቆይቶ!

አሁን ወደ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. እንሂድ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ አዲስ አበባ ገቡ። ከተማዋ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ጣሊያናዊ አለ። ወታደር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ግንበኛው፣ ዳቦ ጋጋሪው ሁሉ አለ። ከጫካ የወጣው አርበኛ ደግሞ ጠጉሩን አንጨፍርሮ፣ ጠመንጃውን ይዞ መንገድ ላይ ቆሟል። ያን ቀን አንድ ቃል ቢሳሳት ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

ጃንሆይ በዚያ ንግግራቸው ክፉን በክፉ እንዳይመልሱ ሕዝቡን አዘዙ። ይህንን ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰምተናል። ብዙ ሰው የሚዘላት አንዲት ነገር ግን እዚያው ንግግር ውስጥ አለች፦ ጠላትን መሣሪያውን አስፈትተን በመጣበት መንገድ እንመልሰዋለን ብለዋል። ልብ በሉ። አትበቀሉ አሉ እንጂ «አብሮን ይኑር» አላሉም። ምሕረት ሰጡ፣ የመኖሪያ ፈቃድ አልሰጡም።

ታዲያ እንዴት ቀሩ?

[ምስል፦ ነጭ ቀለም የተቀባ ትልቅ መርከብ]

እንግሊዞች ጣሊያኖቹን ለማስወጣት ተጣደፉ። ወንዶቹ ኬንያና ሌላም ቦታ ወደሚገኙ ካምፖች ተጋዙ። ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ከ1934 እስከ 1935 ዓ.ም. በነጭ በተቀቡ መርከቦች አፍሪካን በደቡብ ዞረው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በሦስት ጉዞ ወደ 28,000 ሰው። ነገር ግን የኢትዮጵያ መንግሥት ራሱ ሁሉም እንዲሄዱ አልፈለገም። ማን መኪና ይጠግን? ማን መብራት ያብራ? ከጠላት እጅ የተረፈ የተማረ ሰው ጥቂት ነበር። ስለዚህ አንዳንዱ በፈቃድ ቀረ። አንዳንዱን ደግሞ ሰው ደበቀው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ያ ሁሉ ቸርነት ንጹሕ ፍቅር ነበር ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። ጥቅም ነበረበት። ጥቅም ስላለበት ደግሞ ዋጋ ያጣል ብዬ አላምንም። ጎማ የሚለጥፍልህን ሰው መጥላት ከባድ ነው።

ዜግነት ግን ለነዚህ ሰዎች እንደ ጸበል አልተረጨም። ሕጉ ከወረራው በፊት ጀምሮ ነበረ፤ በሐምሌ 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ። የውጭ ሰው ኢትዮጵያዊ ልሁን ካለ አምስት ዓመት አገር ውስጥ መኖር አለበት። ራሱን መቻል አለበት። በወንጀል ያልተቀጣ መሆን አለበት። አማርኛን አጥርቶ መናገርና መጻፍ አለበት። (የመጨረሻውን ዛሬ ብናስፈጽመው ስንቶቻችን እንደምንወድቅ እንጃ።) በኋላ የመጣ ማሻሻያ ለአገር ይጠቅማል የተባለውን ሰው ከአንዳንዶቹ መስፈርቶች ነፃ የሚያደርግበት ቀዳዳ ከፈተ። ሕጉ «ያንተ አገር ወሮናል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ስለ ሰውዬው ነው፤ አንተ ምን አደረግህ፣ እንዴት ትኖራለህ። ለኔ ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው። ወንጀል የሠራ ይከሰስ። ወንጀል የሌለበት፣ እጁ ላይ ሙያ ያለው ሰው ደግሞ በሙሶሊኒ ዕዳ አይያዝ።

[ምስል፦ ያረጀ ፎቶ፣ ፊቱ የማይለይ ሕፃን በእናቱ ጀርባ]

ከሁሉ የሚገርመኝ የልጆቹ ነገር ነው። ፋሺስቶቹ እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጡት ሕግ አንድ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት ይታሰራል። ሰው ግን ሰው ነው፤ ልጅ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1940 ሌላ ሕግ መጣ፦ አባት ክልስ ልጁን «የኔ ነው» ብሎ መቀበል አይችልም። በዳዩ አገር ልጁን አባረረው ማለት ነው። የኛ የ1922ቱ ሕግ መጀመሪያው አንቀጽ ላይ ምን ይላል? አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው። አለቀ። የተበደለው አገር ወረቀት ልጁን ቀድሞ አቅፎታል።

መንደሩ ግን እንደ ወረቀቱ አልነበረም። «የጣሊያን ዲቃላ» የሚባል ስድብ ነበር። ትምህርት ቤት ሲመዘገብ የአባት ስም ይጠየቃል፤ ምን ይበል? እስከ እርጅናቸው ድረስ ሮም እንድታውቃቸው ሲማጸኑ የኖሩ አሉ። በሕግ ዜጋ መሆንና በሰፈር ሰው መሆን ለየቅል ነው።

ይቅርታውስ? የአገራችን ሽምግልና ሥርዓት አለው። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ይመጣል። ጥፋቱን ይናገራል። ካሳ ይከፍላል። ከዚያ ነው «ይቅር ለእግዜር» የሚባለው። ጣሊያን ድንጋዩን ተሸክማለች? ካሳውን በግማሽ ልብ። እ.ኤ.አ. በ1947 በፓሪሱ ውል 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተፈረመ። ዘጠኝ ዓመት ከተጎተተ በኋላ ወደ 16 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወረደ። በዚያ ገንዘብ የቆቃ ግድብ ተሠራ። በ18 ወር ይመለሳል የተባለው የአክሱም ሐውልት የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው።

ፍርዱ ደግሞ ጭራሽ የለም። ኢትዮጵያ ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ ዐሥር ሰዎችን በጦር ወንጀል ፈልጋ ነበር። አንድም አልተሰጣትም። ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1950 በገዛ አገሩ 19 ዓመት ተፈረደበት፤ ክሱ ግን ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው። የኛ ሰው ደም መዝገቡ ላይ የለም። ወራት ሳይቆይ ተፈታ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ከሮም ብዙ በማትርቀው በአፊሌ መታሰቢያ ቆመለት። በሕዝብ ገንዘብ! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው ለዚህ ነው።

አገር ውስጥም ቁርሾው አልደረቀም። ለጠላት ያደሩ ሹማምንት ይቅር ተባሉ፤ ብዙዎቹም መልሰው ሹመት አገኙ። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ፣ አምስት ዓመት ጎጃም ላይ የተዋጋው፣ በ1937 ዓ.ም. ተሰቀለ። አምጿል ተብሎ ነው። አርበኛው ይህን ሲያይ ምን ይበል? ለሱ ማንም «ይቅር ትላለህ ወይ?» ብሎ አልጠየቀውም። ይቅርታ ከላይ ታዘዘለት።

ይህን ታሪክ የማወራው የድሮ ስለሆነ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባበቃሁ።

[ምስል፦ ሌሊት፣ የቆመ አውቶቡስ]

ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሣ። በሚቀጥለው ወር የኤርትራ ተወላጆችን ማባረር ተጀመረ። ሌሊት በር ተንኳኳ። ሰው ከአልጋው ተነሥቶ፣ አውቶቡስ ላይ ተጭኖ ወደ ድንበር ሄደ። ከኢትዮጵያ የወጣው ወደ 75,000 ይገመታል። ከኤርትራም በኩል ኢትዮጵያውያን በብዙ አሥር ሺዎች ተባረሩ፤ ይህም አይረሳ። የኛ መንግሥት ክርክር «በ1985ቱ የኤርትራ ነፃነት ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ሰጥታችኋል፣ ስለዚህ የውጭ ዜጋ ናችሁ» የሚል ነበር። በጊዜው የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር፣ አንድ መንግሥት የዓይኑ ቀለም ያላማረውን የውጭ ሰው የማስወጣት መብት አለው አሉ። ብዙ ሰው ያቺን የዓይን ቀለም እስከዛሬ ያነሣታል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ላይ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን አይገፈፍም ይላል።

ከጦርነቱ በኋላ የሁለቱን አገሮች ክስ ያየው የካሳ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ውሳኔ ሰጠ። ኢትዮጵያ ለደኅንነቷ ያሰጓትን ሰዎች አጣርታ ማስወጣት ትችል ነበር፤ ሳታጣራ የነጠቀችው ዜግነት ግን ያለ ሕግ ነው አለ። ኤርትራንም በራሷ ጥፋት ተጠያቂ አደረጋት። መንግሥትም ከውሳኔው ቀደም ብሎ፣ በ1996 ዓ.ም.፣ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378ን፣ ቀጥሎም ለኤርትራውያን የሚሆን መመሪያ አወጣ። እዚሁ የቆዩት ዜግነታቸውን የሚያስመልሱበት መንገድ ተከፈተ።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። ጋዝ ይዞ የመጣው እዚሁ ቀርቶ ጋራዥ ከፈተ። እቁብ አብሮን የጣለው፣ ሠርጋችንን የበላው፣ አንድም ጥይት ሳይተኩስ ተባረረ። መጀመሪያውን ጥሩ ሠራን፣ ሁለተኛውን አበላሸን ብል የሚቀየመኝ ሰው ይኖራል። ይቀየም። በ1933 «አንተ ምን አደረግህ?» ተብሎ የተጠየቀ አለ። በ1990 የተጠየቀው «አባትህ የየት አገር ሰው ነው?» ነበር።

[ምስል፦ ቦሌ፣ ሰው የሞላበት የመንገደኞች አዳራሽ]

ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ወደ ኤርትራ ስልክ ተከፈተ። ያን ሰሞን ሰው እንዲያው የአስመራ ቁጥር እየገጣጠመ ይደውል ነበር። የማያውቀው ሰው ያነሣል። «ከአዲስ አበባ ነው፣ እንደምን አላችሁ?» ይላል፣ ሌላ የሚለው የለውም። ከዚያ ሐምሌ 11 ቀን፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው አውሮፕላን ወደ አስመራ ተነሣ። አንዱ አልበቃም። ሁለተኛው ደቂቃዎች ቆይቶ ተከተለው።