አሥር ቁጠሩ

እሺ... ዛሬ ለአዲሶቹ የንግግር ሕክምና የማስተርስ ተማሪዎች ምክር ላወራ ነበር። ጥያቄ ልካችሁልኛል፤ መልሱንም ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር። አልሆነልኝም። የማክሰኞው ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

"አሥር ቁጠሩ" የምላትን ነገር ታውቃላችሁ። ስትቀልዱባት ከርማችኋል። አፌዥያ፣ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ ቃል የሚያሳጣ ችግር፣ ያለበት ሰው ቃል ሲፈልግ አትቅደሙት። የጠፋው ቃሉ ነው እንጂ ሐሳቡ አይደለም። በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። በየዓመቱ እላለሁ።

ማክሰኞ ተማሪዎቼን ከምከታተልበት መስታወት ጀርባ ነኝ። አንዷ ተማሪዬ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ናት። ሰውየው ከስትሮክ በኋላ የሚመጡ አዛውንት ናቸው። የመነጽር ሥዕል አሳየቻቸው። "ይሄ ምንድን ነው አባባ?"

ዝም። ቆጠረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። እሳቸው "የ... የ..." አሉ። ከዚያ በግራ እጃቸው፣ ቀኙ አይታዘዝም፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸውን ገጥመው ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ክብ። እሷ ትቆጥራለች። እጃቸውን ወደ ፊቷ ዘረጉ። ደንግጣ ወደ ኋላ ሸሸት አለች። መነጽር አድርጋለች እኮ! መነጽሯን እያሳዩዋት ነበር። እጃቸውን ሰብስበው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። በቃ። እስከ መጨረሻው ትንፍሽ አላሉም።

እኔስ? ሰዓቴን እያየሁ ነበር። መገምገሚያው ላይ "ጥሩ ትዕግሥት" ብዬ ጻፍኩ። ስትወጣም "ጎበዝ" አልኳት።

ቪዲዮውን ረቡዕ ነው ያየሁት። ሁለቴ። አይ፣ አራቴ።

ፈረንሳዊው ሐኪም ብሮካ በፈረንጆቹ 1861 ታሪኩን የጻፈለት በሽተኛ ትዝ አለኝ። "ታን" ከማለት ሌላ ብዙም የማይወጣው ሰው። ሆስፒታሉ ውስጥ ስሙ ራሱ "ታን" ሆኖ ቀረ። ግን ሰውየው "ታን፣ ታን" እያለ በእጁ ብዙ ነገር ያስረዳ ነበር። ይሄን ክፍል ውስጥ አስተምራለሁ። እኔው! ፈተና ላይ ሁሉ አወጣዋለሁ።

"መ" ብላ የመጀመሪያውን ድምፅ ብትሰጣቸው? ወይ "ለማንበብ የምናደርገው" ብትል? ወይ ዝም ብላ "አዎ፣ ገብቶኛል፣ ይሄ ነው" ብላ መነጽሯን ብታወልቅ... እሱን ማን አስተማራት? ቁጠሪ ነው ያልኳት።

አሁን "እጃቸውንም እዩ" ልበል? እንዲያ ብል ደግሞ ከእጅ ላይ ዓይናቸውን የማይነቅሉ ሃያ ተማሪዎች ይመጡብኛል። ሳቁ እንጂ፣ እውነቴን ነው። መቁጠሩንም መተው አልችልም። ለሚንተባተብ ሰው ቃሉን ቀምቶ መጨረስ ምን እንደሚያደርገው አይቻለሁ። ታዲያ... እኔንጃ።

ለሷ ገና አልነገርኳትም። ግምገማው ተፈርሟል። ደስ ብሏት ነው የሄደችው። ነገ ደግሞ እሳቸው ቀጠሮ አላቸው፣ ከመጡ። ቪዲዮውን አብረን እንየው ልበላት ወይስ መጀመሪያ እኔ ገብቼ ለእሳቸው... ምን ብዬ ግን? "አባባ፣ ማክሰኞ ያሉትን..."

ቆይ፣ ስልኬ ነው። እሷ ናት።