ያልደረሰ ጉዳት በምን ይቆጠራል?

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። የዛሬው ዝግጅት ከደሴ የሚደርሳችሁ ሲሆን፣ ርእሰ ጉዳዩም ከቡድን ወጌሻነት ተነሥቼ የገባሁበት የስፖርት ጉዳት መከላከል ጥናት ነው። ቀዶ ሐኪም ጠግኖ ያስነሣውን ጉልበት ማሳየት ይችላል፤ ወጌሻም ቦርሳውን አንግቶ ሜዳ ሲገባ ተመልካቹ ሁሉ ያየዋል። ጉዳት እንዳይደርስ የሚደክም ሰው ግን «ታዲያ አንተ ምን ሠራህ?» ሲባል መልስ የሚያገኘው ከመዝገብ ብቻ ነው።

ወደ ትምህርቱ ስገባ ስለ ጡንቻና ስለ ጅማት በብዛት እንደምማር ጠብቄ ነበር፤ ያንንም ተምሬአለሁ። አስተሳሰቤን የለወጠው ግን ሆላንዳዊው ቪለም ቫን ሜክለንና ባልደረቦቹ በፈረንጆቹ 1992 ያቀረቡት ባለ አራት ደረጃ አካሄድ ነው። በመጀመሪያ የጉዳቱ ብዛትና ክብደት ይመዘገባል፣ ቀጥሎ መንሥኤው ይጠናል፣ ከዚያ መከላከያው ሥራ ላይ ይውላል፣ በመጨረሻም ወደ መጀመሪያው ደረጃ ተመልሶ እንደገና ይቆጠራል። ቆጠራው የተጎዱትን ብቻ ሳይሆን ሁሉም የተጫወቱበትንና የተለማመዱበትን ሰዓት ጭምር ይፈልጋል፤ የጉዳት መጠን የሚነገረው በ1000 የተጫዋች ሰዓት ስንት ደረሰ ተብሎ ነውና። 22 ተጫዋቾች ለአንድ ሰዓት ተኩል በሳምንት አምስት ቀን ቢለማመዱ በሳምንት 165 ሰዓት ይሆናል፤ 1000 ለመሙላት ስድስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ሰዓቱ ካልተያዘ፣ እምብዛም የማይለማመድ ቡድን ከሁሉም የተሻለ ጥንቃቄ ያለው መስሎ ይታያል።

በእኛ አካባቢ ከሰዓቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ጉዳቱን ራሱን ማግኘት ነው። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ የጫማውን ክር አላልቶ ያሰረ ልጅ ስትጠይቁት «ምንም አይደል፣ ደህና ነኝ» ይላችኋል፤ ደህና አይደለሁም ካለ ተሰላፊነቱን ለተጠባባቂው እንደሚያስረክብ ያውቃል። በፈረንጆቹ 2006 የእግር ኳስ ጉዳት ተመራማሪዎች የተስማሙበት ትርጓሜ፣ ሕክምና ያስፈልገውም አያስፈልገው፣ ከልምምድ ያስቀረውም አያስቀረው፣ ከጨዋታ ወይም ከልምምድ የመጣ አካላዊ ሕመም ሁሉ ጉዳት ነው ይላል። ትርጓሜው መልካም ነው፤ ሆኖም ተጫዋቹ አፉን ካልከፈተ ወረቀቱ ባዶ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ በቅቤ የሚያሸውን የሰፈር ወጌሻ መጠየቅ ግድ ይላል። ይህን ሐሳብ የሚንቁ ባልደረቦች አሉኝ፤ አልስማማም። አጥብቆ የታሰረ ስብራት የደም ዝውውርን ዘግቶ እግር እስከ ማስቆረጥ እንደሚያደርስ አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ ከሆስፒታሉ ቀድሞ ጉዳቱን የሚያየው እሱ ነው፤ ደግሞም ስብራት ለሐኪም እንዲልክ የምንነግረው አብረነው ስንሠራ እንጂ ስንርቀው አይደለም።

ስለ መከላከያው ካነሣን፣ በብዛት የተጠናው ፊፋ 11 ፕላስ የተባለው ማሟሟቂያ ነው። 15 እንቅስቃሴዎች አሉት፣ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ከኳስ በቀር ይህ ነው የሚባል ዕቃ አይፈልግም። በፈረንጆቹ 2008 ይፋ በሆነው የኖርዌይ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 በሆኑ ሴት ተጫዋቾች ላይ የጉዳት ሥጋትን በጠቅላላው በሲሶ ገደማ ቀንሷል። ከእንቅስቃሴዎቹ አንዱ ለጭን የኋላ ጡንቻ የሚሠራው ኖርዲክ ሃምስትሪንግ ነው፤ ተጫዋቹ ይንበረከካል፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን ወደ መሬት ተጭኖ ይይዝለታል፣ እሱም ወገቡን ሳያጥፍ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይወርዳል፤ መቋቋም ሲያቅተው በእጁ መሬት ይዳስሳል። ጠጠር በበዛበት ሜዳ ጃኬት አጥፎ ከጉልበት ሥር ማድረግ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ጡንቻቸው ተይዞ ደረጃ መውረድ የሚያቅታቸው አሉ፤ የሚሸሹትም በዚያን ጊዜ ስለሆነ በጥቂት ድግግሞሽ መጀመር ይበጃል።

አሰልጣኙ «ሃያ ደቂቃዬን ልትወስድብኝ ነው» ይላል። በዚህ አልፈርድበትም። የሚያምነውም ይህ ተጨማሪ ሥራ ሳይሆን ልጆቹ ሜዳውን ዝም ብለው የሚዞሩበትን ጊዜ የሚተካ መሆኑን ሲያይ ነው። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና በብርድ የጀመረ ቡድን ማሟሟቂያን አይንቅም፤ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ 1850 ሜትር ገደማ፣ ወርዶ በሙቀት ሲለማመድ ግን «ሞቆናል እኮ» ይላል። የሰውነት መሞቅና የጡንቻ መዘጋጀት አንድ እንዳልሆኑ ማስረዳት ያን ጊዜ ይከብዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። በወሎ በአንድ ቡድን ውስጥ ረመዳንን የሚጾመውና ዐቢይ ጾምን የሚጾመው ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ አስተዋይ አሰልጣኝ የልምምዱን ሰዓት ወደ አፍጥር ያስጠጋል፣ ጫናውንም ይቀንሳል። በውጭ አገር የተዘጋጀው ማሟሟቂያ ስለ ጾም ዝም ይላል፤ መልሱን ከእኛ መዝገብ እንጂ ከሌላ አናገኘውም።

ለዚህም ነው የመመረቂያ ርእስ ፍለጋ ለሚመጡ ተማሪዎች አንድ ቡድን መርጠው፣ የአንድ የውድድር ዓመት ጉዳትና ሰዓት፣ ከጾሙ ቀን ጋር፣ ሳያቋርጡ እንዲመዘግቡ የምመክራቸው። ርእሱ ጠባብ ነው የሚሉ ፈታኞች ይኖራሉ። እኔ በፈታኝነት በተቀመጥሁ ጊዜ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ደብተሩን ነው። በሚቀጥለው ዝግጅት ስለ ሴት ተጫዋቾች የጉልበት መስቀለኛ ጅማት እናወራለን፤ እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።