መድፉ አጠገብ የቆመው ልጅ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ የቀድሞ ባህር ኃይል ባልደረቦቼ፣ ልጆቻችሁንና የልጅ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ እንኳን ወደ ሐዋሳ በደህና መጣችሁ። ከአዳማ ሌሊት ተነስታችሁ የገባችሁም አላችሁ፤ እግዚአብሔር ያክብርልን።

የዓመቱን ሪፖርት ጸሐፊያችን በኋላ ያነቡላችኋል። እኔ ስለ አንድ ልጅ ላውራችሁ።

ዛሬ ጠዋት ለምሳችን አሳ ልገዛ አሞራ ገደል ወርጄ ነበር። አንድ ልጅ ከጀልባ ላይ መረብ ይጎትታል። ቢበዛ 16 ዓመት ቢሆነው ነው። መዳፉ በገመድ ተልጧል። «አያምህም ወይ?» አልኩት። «ኧረ አባባ፣ ለምጄዋለሁ» አለኝና ጉተታውን ቀጠለ። ያን ጊዜ ጃክ ኮርንዌል ትዝ አለኝ።

እኛ ስሙን ሰምተናል፤ ለልጆቻችን ግን ከሥሩ ልንገራቸው። ጃክ እንግሊዛዊ ነው፤ ከለንደን ምሥራቅ የድሃ ቤት ልጅ። ሻይ ቅጠል አከፋፋይ ዘንድ ተላላኪ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ አባቱ ወደ ጦር ገባ፣ እሱም በ15 ዓመቱ አባቱን ሳያስፈቅድ ባህር ኃይል ተመዘገበ። ቼስተር የምትባል አዲስ ክሩዘር ላይ ተመደበ። በመርከቧ ላይ ከቆየ ገና አንድ ወር ቢሆነው ነው፣ ጦርነቱ ደረሰ።

ቀኑ ግንቦት 23 ቀን 1908 ዓ.ም. ነው። እኛ አገር ልጅ ኢያሱ ነበሩ። ከዴንማርክ ወዲያ፣ በሰሜን ባህር ላይ፣ 250 የሚሆኑ የእንግሊዝና የጀርመን መርከቦች ተፋጠጡ። የጁትላንድ ጦርነት የሚባለው ይሄ ነው። ከ8,500 ሰው በላይ አልቆበታል። ቼስተር ቀድማ ስትቃኝ ድንገት 4 የጀርመን ክሩዘሮች ፊት ወደቀች፤ በደቂቃዎች ውስጥ ከ15 ጊዜ በላይ ተመታች።

የጃክ ሥራ ምን ነበር መሰላችሁ? መድፉን አይተኩስም። ጆሮው ላይ የስልክ ማዳመጫ አድርጎ፣ ከላይ የሚመጣውን ርቀት እየሰማ የማነጣጠሪያውን ቁጥር ያዞራል። በቃ። ግን እሱ ከሳተ ጥይቱ ሁሉ ውሃ ላይ ነው የሚወድቀው። የመድፉ መከላከያ ብረት ደግሞ እስከ ወለሉ አይደርስም ነበር፤ ፍንጣሪው በታች እየገባ የሰዉን እግር ጨረሰው። ጓዶቹ በዙሪያው ወደቁ፣ ገሚሱ ሞተ፣ ገሚሱ ያቃስታል። ጃክም ደረቱ ላይ በብረት ፍንጣሪ ተወግቷል። ሰዎች ሲደርሱ ግን ልጁ እዚያው ማነጣጠሪያው አጠገብ ቆሟል። ትእዛዝ ሲጠብቅ።

መርከብ ላይ ያገለገላችሁ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የሚተኩስ ሰው ቢያንስ እጁ ሥራ አለው። ምንም ሳያደርጉ፣ በጓደኛ ደም መሀል፣ «ምናልባት እፈለግ ይሆናል» ብሎ መቆም ግን እኔ ከማውቀው ጀግንነት ሁሉ የከበደው ነው። ይህን ስል የ16 ዓመት ልጅ እዚያ መገኘት ነበረበት ማለቴ አይደለም፤ አልነበረበትም። ልጆቻችን ይህንንም አብረው ይስሙ።

ግሪምስቢ ሆስፒታል ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን ሞተ። እናቱ ስትደርስ አልፏል። መጀመሪያ የተቀበረው ከሌሎች ጋር በጋራ መቃብር ነው፣ እንደ ማንም። የመርከቡ አዛዥ ግን ዝም አላለም፤ ልጁ እንዴት እንደቆመ ለእናቱ ጻፈላት። ታሪኩ ከዘገባ ወደ ዘገባ አለፈ፣ አገሩ ሰማ። በዚያው ክረምት መቃብሩ ተከፍቶ በሙሉ ወታደራዊ ክብር እንደገና ተቀበረ። የአገሩን ትልቁን የጀግንነት ሜዳይ፣ ቪክቶሪያ ክሮስን፣ እናቱ ከንጉሡ እጅ ተቀበለችለት። ያ መድፍ ዛሬም ለንደን ሙዚየም ውስጥ አለ።

አንድ ሰው ስለጻፈ ነው ይሄ ሁሉ የሆነው።

ምጽዋ ላይ አብሮኝ የነበረ አንድ የ19 ዓመት ልጅ ነበር። ጀልባችን ተመትታ ውሃ ስታስገባ ሌሊቱን ሙሉ በእጅ ፓምፕ ሲያወጣ አደረ። ወደብ ደርሰን «በቃ፣ ደርሰናል» ስንለው ጣቶቹ ከእጀታው አልላቀቅ አሉ፤ አንድ በአንድ ፈታንለት። እኛ ተርፈን ቤታችን ገባን። እሱ ከዓመት በኋላ ሌላ መርከብ ላይ ሞተ። ቤተሰቦቹ የሚያውቁት «ባህር ላይ ቀረ» የሚለውን ብቻ ነው። ያችን ሌሊት ማንም አልጻፈላቸውም፤ እኔም ጭምር። ይህ ሲከነክነኝ ኖሯል።

በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ትልቅ መዝገብ አስቀምጠናል። የምታስታውሱትን ጓድ ስም፣ የነበረበትን መርከብ፣ ያያችሁትን ነገር ጻፉ። ፊደል ቢሳሳት ግድ የለም። እጁ የሚንቀጠቀጥ ካለ ይንገር፣ የልጅ ልጁ ትጻፍለት። የመጀመሪያውን ገጽ ማታ እኔ ሞልቼዋለሁ፤ ስለዚያ ስለ ፓምፑ ልጅ ነው።

አሁን ጸሐፊያችን ሪፖርቱን ይቀጥሉ። አሳው ሲደርስ እንጠራችኋለን።