በሩን የምትይዘው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። አስራ አንደኛ ክፍል ናት። የትምህርት ቤታቸው ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሆና ተመርጣለች። እንኳን ደስ አለሽ ልላት ስል ቀደመችኝ። «ጋሼ፣ እሺ አይሉኝም» አለች። «ጽሑፍ በሰዓቱ አያመጡም። የሚያመጡትም አይረባም። በቃ፣ ሁሉንም ራሴ ልጽፈው ነው።»

ይቺን የመጨረሻዋን ስሰማ ደነገጥኩ። በሷ ዕድሜ እኔም ብያታለሁና።

1996 ዓ.ም. ነው። ወሎ ውስጥ፣ አስረኛ ክፍል፣ ማትሪክ ደርሷል። ሚኒ ሚዲያ ክበባችን ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ በኋላና በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ዝግጅት ያቀርባል። ጥቂቶቻችን ከዚያው ክበብ ወጥተን ባለ አራት ገጽ ጋዜጣ ጀመርን። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለንም። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ የፈተና ሥራ ሲቀልላት በስቴንስል ትመታልናለች።

ስቴንስል ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው። የታይፕ መኪናው ፊደል ሰሙን ይቀደዋል፤ ማባዣው ላይ ሲሆን ቀለሙ በዚያ በኩል ያልፋል። ከተሳሳተች እንደ ጥፍር ቀለም የሚሸት ቀይ ፈሳሽ ትቀባለች፤ እፍ እፍ ብላ ታደርቀዋለች፤ ከዚያ እላዩ ላይ ደግማ ትመታለች። አንድ ሁለት ፊደል እንዲህ ይድናል። አንቀጽ ግን አይድንም። ስለዚህ ጽሑፉ እሷ ጋ ከመድረሱ በፊት ማለቅ አለበት። አለቀ የሚለው ደግሞ እኔ ነኝ። የካቢኔቱ ቁልፍ እንኳ በክር ታስሮ አንገቴ ላይ ነበር የሚውለው።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ዝምተኛ ናት፤ ስብሰባ ላይ ከኋላ ነው የምትቀመጠው። አንድ ቀን ከደብተሯ የገነጠለችውን ወረቀት ሰጠችኝ። ስለ ሴቶች መጸዳጃ ቤት የጻፈችው ነው። በሩ መቀርቀሪያ የለውም። ማታ ቤት ወስጄ አነበብኩት። አጭር ነው፤ ጌጥ የለውም። ለኔ ያኔ ጽሑፍ ማለት ተረትና ምሳሌ የበዛበት፣ ሲነበብ አፍ የሚሞላ ነገር ነበር። በኩራዝ ቁጭ ብዬ ከላይ እስከ ታች እንደገና ጻፍኩት። «ንጽሕና የጤና መሠረት ነው» ብዬ ጀመርኩ። ከታች የሷን ስም አደረግኩበት። የረዳኋት ነበር የመሰለኝ።

ጋዜጣው ወጣ። ሰሌዳው ጋ ቆማ ስታነበው አየኋት። ጨርሳ ዞር አለችና «ይሄን እኔ አልጻፍኩትም» አለችኝ። አልጮኸችም። ከዚያ በኋላ ክበቡ ውስጥ አላየናትም።

ሌሎቹም ቀዘቀዙ። ስፖርት የሚጽፈው ልጅ ሁለት መስመር አምጥቶ «የቀረውን አንተ ታሟላዋለህ» አለኝ። ምክትሌ እርማት ማየት ተወ፤ ለምን ብዬ ብጠይቀው «አንተ መልሰህ ትቀይረው የለ?» አለ። ሦስተኛው ዕትም ሦስት ሳምንት ዘገየ። እኔ ሌሊት እጽፋለሁ፤ ቀን በነሱ እበግናለሁ። ሰነፎች ናቸው ብዬ ደመደምኩ። የክበቡ ኃላፊ የአማርኛ መምህራችን ነበሩ። አራቱን ገጽ ቀስ ብለው ገለጡና «የኔ ልጅ፣ ይሄኮ ጋዜጣ አይደለም። ያንተ ደብተር ነው» አሉኝ።

ዓመታት ቆይቶ ሄዝልዉድ ስለሚባለው የአሜሪካ ክስ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1983 ሚዙሪ ውስጥ አንድ ርዕሰ መምህር ከተማሪዎች ጋዜጣ ሁለት ገጽ አስወጡ። ገጾቹ ላይ ስለ ታዳጊዎች እርግዝናና ስለ ወላጆች ፍቺ የተጻፉ ነበሩበት። ልጆቹ ያወቁት ጋዜጣው ታትሞ ሲመጣ ነው። ክሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1988 ትምህርት ቤቱ 5 ለ 3 አሸነፈ። ስለ ሕጉ ብዙ ተብሏል። እኔ ግን ዓይኔ የቀረው ልጆቹ ላይ ነው። ጋዜጣውን ገልጠው የደከሙበትን ሲያጡት ታየኝ። ያቺ ልጅም ሰሌዳው ጋ ቆማ ያገኛት ይኸው ነው። ደግሞ እሷን ርዕሰ መምህር አልነካትም። እኔ ነኝ።

ወደ ትምህርት ቤታችን ልመለስ። መምህራችን እንዲያ ካሉኝ በኋላ ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። ሰማችኝና «ወረቀቴስ?» አለች። ጥዬዋለሁ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም። ከጽሑፏ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው አንድ የሰረዝኩት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። «አንዷ ስትገባ ሌላዋ በሩን ትይዛለች፤ ጓደኛ የሌላት ቤቷ እስክትሄድ ትጠብቃለች።» ቃል በቃል አልኩላት። ይሄን ነበር የሰረዝኩት፣ ለ«ንጽሕና የጤና መሠረት ነው» ብዬ።

እንደገና ጻፈችው። አንድ ነገር ግን ቃል አስገባችኝ። ሲመታ ጸሐፊዋ አጠገብ እሷ ትቀመጣለች። እሺ አልኩ። ሄዳ ተቀመጠች። ስቴንስሉ ሲወጣ ወደ መስኮቱ ይዛ በብርሃኑ ፊደል በፊደል አነበበችው። ከዚያ በኋላ ስፖርቱም ሥዕሉም ባለቤቱ ሳይኖር አይነካም ተባለ። ቁልፉን ለምክትሌ ሰጠሁ። አራተኛው ዕትም በቀኑ ወጣ። መቀርቀሪያው ወዲያው አልተገጠመም፤ ከፋሲካ በኋላ ነው ዘበኛው መዶሻ ይዘው የመጡት።

ለእህቴ ልጅ ሌላም ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ካንሳስ ውስጥ ፒትስበርግ የምትባል ከተማ አለች። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ ጋዜጣ ቡስተር ሪዳክስ ይባላል። አዲስ ርዕሰ መምህርት ሲቀጠሩ ተማሪዎቹ ስለሳቸው ለመጻፍ ተነሡ። ማስተርስና ዶክትሬት ያገኘሁበት ነው ያሉት ተቋም ሲፈተሽ ዕውቅናው አጠራጣሪ ሆነ፤ ድረ ገጹም አይሠራም። ስድስት ልጆች አብረው ሠሩት። ማርች 31 ጽሑፉ ወጣ፤ በቀናት ውስጥ ርዕሰ መምህርቷ ለቀቁ። እኔን የገረመኝ የጋዜጣው ኃላፊ መምህርት ነገር ነው። ርዕሰ መምህርቷን በመረጠው ኮሚቴ ውስጥ ስለነበሩ ከዚያ ጽሑፍ ራሳቸውን አገለሉ። ልጆቹን አምነው ዞር አሉ። ዋና መባልን የቀመሰ ሰው ዞር ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል።

«እና ሰኞ ምን ላድርግ?» አለችኝ።

«አይረባም ካልሽው አንዱን አንብቢልኝ» አልኳት።

ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ስለ ትምህርት ቤቱ ሻይ ቤት የተጻፈ ነው። አጀማመሩ ይንዛዛል፤ እውነቷን ነው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ «ሻይ የሚያፈሉት እናት ስኳር የማይወደውን ተማሪ ሁሉ በስሙ ያውቁታል» የሚል አነበበች። ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ።

«ይሄን አላየሁትም ነበር» አለች።

«ማነው የጻፈው?»

«አንድ ዘጠነኛ ክፍል አለ፣ ብዙም አያወራም። ጋሼ፣ ቆይ ልደውልለት» አለችና ስልኩን ዘጋችው።