የመኪና የኋላ በር የጋዝ ሾክ፦ አያያዙና አቀያየሩ

[ምስል፦ አዳማ፣ የጋራዥ ግቢ። የአንዲት መኪና የኋላ በር ተከፍቶ ሳለ ሳይነካ ቀስ እያለ ይወርዳል።]

ተራኪ፦ የኋላ በሩን ከፍተው ዕቃ በማውረድ ላይ ሳሉ በሩ ወደ ራስዎ መውረድ ከጀመረ፣ በመጀመሪያ ሊጠረጠሩ የሚገባቸው በግራና በቀኝ የተገጠሙት፣ በሩን ገፍተው ከፍ አድርገው የሚይዙት የጋዝ ሾኮች ናቸው። በአዳማ ደግሞ ነፋሱ ከከተማዋ ወጣ ብሎ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተርባይኖችን የሚያሽከረክር ብርቱ ነፋስ በመሆኑ፣ በደከመ ሾክ ላይ የተንጠለጠለ ሰፊ በር ከማስቸገር አልፎ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

[ምስል፦ የሾክ ውስጠኛ ክፍል ንድፍ።]

በሲሊንደሩ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ናይትሮጅንና ጥቂት ዘይት አለ። ጋዙ በፒስተኑ (ማለትም በዘንጉ ጫፍ ላይ ሆኖ በሲሊንደሩ ውስጥ በሚንሸራተተው ክፍል) ላይ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ወዲያና ወዲህ ስለሚያልፍ በሁለቱም ወገን ያለው ግፊት እኩል ነው፤ ሆኖም ዘንጉ በተያያዘበት ወገን ግፊቱ የሚያርፍበት ስፋት በዘንጉ ውፍረት ልክ ስለሚያንስ፣ ዘንጉ ምንጊዜም ወደ ውጭ ይገፋል። በሲሊንደሩ ላይ ከታተሙት ቁጥሮች አንዱ ይህን የመግፋት ኃይል በኒውተን የሚገልጸው ነው። 400 ኒውተን ማለት 40 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ለማንሳት የሚበቃ ኃይል ሲሆን፣ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ይህን ኃይል እንዲሰጥ በውስጡ ያለው ግፊት ወደ 80 ባር መድረስ አለበት። የአንድ የቤት መኪና ጎማ ግፊት ከ2 እስከ 2.5 ባር አካባቢ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ይህን ሁሉ ግፊት አፍኖ የያዘው በዘንጉ መውጫ ላይ ያለው ትንሽ የጎማ ማሸጊያ ነው። በመሆኑም የሾክ እንክብካቤ ማለት በአብዛኛው ዘንጉን መጠበቅ ማለት ነው። ዘንጉን በንጹሕና ደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ግራሶ ግን አይቀቡት፤ የአካባቢው አቧራ ከግራሶው ጋር ተለውሶ ማሸጊያውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። መኪናው ቀለም በሚቀባበት ጊዜ ዘንጉ ይሸፈን፤ በፒንሳም አይያዝ፤ በዓይን እምብዛም የማትታይ ጭረት ማሸጊያውን ለመቅደድ ትበቃለችና። ቅባት የሚያስፈልገው የበሩ ማጠፊያ ነው።

[ምስል፦ ዘንጉ ላይ የተንጠለጠለ የዘይት ጠብታ።]

ዘንጉ በዘይት ከራሰ ማሸጊያው አልቋል፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ብዙዎችን የሚያታልለው ግን ጠዋት በሩን መያዝ አቅቶት እኩለ ቀን ላይ የሚይዘው ሾክ ነው። የጋዙ ግፊት በሙቀት ስለሚጨምር፣ የ15 ዲግሪ ልዩነት ኃይሉን በ5 በመቶ ገደማ ይለውጠዋል፤ ጤነኛ ሾክ ይህን ልዩነት የሚችልበት ትርፍ ኃይል ስላለው፣ በጠዋት ብርድ የሚወድቅ ሾክ ቀትር ላይ ቢያነሳም መቀየሪያው ደርሷል።

«ጋዝ እንሞላልዎታለን» የሚል ሰው ቢገጥምዎ አለመስማማት ይሻላል። አብዛኞቹ የመኪና በር ሾኮች ለመሙያ የሚሆን ቫልቭ የላቸውም፤ ቀድዶ መበየድ ደግሞ የታመቀ ጋዝ ባለበት ዕቃ ላይ የሚሞከር ሥራ አይደለም። ከተፈታ መኪና የወጣ ሾክም ማሸጊያው አብሮ ያረጀ ስለሆነ፣ ርካሽነቱ ብዙ አያዋጣም።

አዲስ ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ከጫፍ ጫፍ ያለው ርዝመት፣ ዘንጉ የሚገባና የሚወጣበት ልክ፣ የጫፎቹ አገጣጠም እና የኒውተኑ ቁጥር መመሳሰል አለባቸው። «ጠንከር ያለ ይሻላል» የሚለው ምክር ስሕተት ነው፤ ከልክ ያለፈ ኃይል በሩን ለመዝጋት ያስቸግራል፣ ቆርቆሮውንና ማጠፊያውንም ያጣምማል። ሁለቱም ሾኮች በአንድ ጊዜ ይቀየሩ፤ አለበለዚያ በሩ በአንድ ወገን ብቻ ይገፋል።

[ምስል፦ በሩ በወፍራም እንጨት ተደግፎ፣ ረዳቱም በእጁ ይዞት።]

ነፋስ በሌለበት ቦታ መኪናውን ያቁሙ። ሾኩን ከመንካትዎ በፊት በሩን እስከ መጨረሻው ከፍተው በጠንካራ እንጨት ይደግፉ፤ አንድ ሰውም ይያዝልዎ። በሩ ትንሽ እንኳ ዝቅ ካለ፣ ተዘርግቶ የሚመጣው አዲሱ ሾክ ከመግጠሚያው ጋር አይገናኝም፤ በእጅ አምቆ ለማሳጠር መታገልም ከንቱ ድካም ነው። በጫፉ ላይ ያለውን የሽቦ መያዣ በቀጭን ካቻቪቴ ጥቂት ብቻ ከፍ አድርገው ሾኩን ከኳስ መሰሉ መግጠሚያ ላይ ይሳቡት፤ በብሎን የታሰረ ከሆነ በልኩ ቁልፍ ይፈታል። አንዱን ወገን ፈትተው አዲሱን ከገጠሙ በኋላ ብቻ ወደ ሌላው ይለፉ።

አዲሱ ሾክ በሩ ሲዘጋ ዘንጉ ወደ ታች እንዲያመለክት ሆኖ ይገጠማል፤ ይህም ዘይቱ ማሸጊያው ዘንድ ተጠራቅሞ እንዳይደርቅ ያደርገዋል። እንጨቱ የሚነሳው ሁለቱም ሾኮች ጫፋቸው ድረስ «ቀጭ» ብለው መግባታቸው ሲረጋገጥ ነው። ከዚያ በሩን በዝግታ ይዝጉት፤ መንገድ ላይ ከተያዘ ርዝመቱ ልክ አይደለምና በኃይል አይጫኑት።

አሮጌዎቹ ሾኮች ቢደክሙም ግፊት በውስጣቸው ሊኖር ስለሚችል እሳት ውስጥ አይጣሉ፣ በመጋዝም አይቆረጡ። ለቆራሌው የሚሰጡ ከሆነ፣ ውስጣቸው የታመቀ ጋዝ እንዳለ አስቀድመው ይንገሩት።