ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ ለሰሜን ሸዋ ደጋ ምን ያደርጋል?

(ምስል፦ ጉም የሞላው የጀማ ሸለቆ)

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው። ለዚህ መንገድ በየቀኑ ሰው የሚያመላልስ አውሮፕላን መጠየቅ ገንዘብ ማባከን ነው። የትንሽ ማረፊያ ጥቅም የሚታየው ገደል ወርዶ ገደል በሚወጣበት አገር ነው፤ መንዝ ላይ፣ መርሐቤቴ ላይ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ የደም መፍሰስ በ2 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። እንደ ሴስና ካራቫን ያለ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ግን 150 ኪሎ ሜትር በግማሽ ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። ሲመጣም ባዶውን አይመጣም፤ ደም ይዞ ይመጣል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት ያለበትን ክትባትም እንዲሁ።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ አውሮፕላን ማረፍ ባልቻለበት ደጋ እህሉ ከአየር ላይ ይጣል ነበር። ከረጢቱ ተደራርቦም መሬት ሲመታ የሚፈነዳው አይጠፋም። ማረፊያ ባለበት ያው እህል በትከሻ ይወርዳል፤ በመልሱም ሕመምተኛ ይጫናል።

(ምስል፦ ውርጭ ያደረበት ክንፍ፣ በቅርበት)

ሜዳ ሁሉ ግን ማረፊያ አይሆንም። መጀመሪያ አየሩን እንይ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየር ከፍታ ሲጨምር ይሳሳል፤ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። ቀትር ላይ 20 ዲግሪ ሲሆን አውሮፕላኑ የሚያገኘው አየር 3,600 ሜትር ላይ እንዳለው የሳሳ ነው። ክንፉም፣ ፕሮፔለሩም፣ ሞተሩም ይደክማሉ። ባሕር ዳርቻ ላይ 600 ሜትር የሚበቃው አውሮፕላን እዚህ ከእጥፍ በላይ መንደርደሪያ ይፈልጋል።

መፍትሔው ጭነት መቀነስና ማለዳ መነሣት ነው። ማለዳ ደግሞ፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ውርጭ አለ። ክንፍ ላይ ያደረ ውርጭ፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ስስ ሽፋን እንኳ ቢሆን፣ የክንፉን የማንሣት ኃይል እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ማታ በሸራ መሸፈን፣ ጠዋት ፀሐይ እስኪያቀልጠው መጠበቅ፣ ከዚያም ክንፉን በባዶ እጅ ዳብሶ ማረጋገጥ የግድ ነው።

(ምስል፦ የተሰነጠቀ ዋልካ)

ብዙ ድካም የሚጠፋው አፈሩ ላይ ነው። ደጋው ላይ ለጥ ያለው ሜዳ ብዙ ጊዜ ዋልካ ነው፤ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ ክረምት አብጦ ይጣበቃል። ጠጠር ዝም ብለው ቢደፉበት ይውጠዋል። ዋልካውን ቆርጦ ማውጣት፣ በምትኩ ሰሌክት (ለመንገድ ሥራ የሚመረጥ ጠጠራማ አፈር) እየደለደሉ በየ20 ሳንቲሜትሩ ውኃ አጠጥቶ በሮለር መጠቅጠቅ ያስፈልጋል። መሃሉ ከፍ ይበል፤ ወደ ጎን በየ10 ሜትሩ 20 ሳንቲሜትር ዝቅ ይበል። ይህ ሁሉ ተሠርቶ ማረፊያው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ነገር ነው፦ ቦዩን ከክረምት በፊት የሚጠርግ ሰው ሲጠፋ። ቦዩ ደለል ሲሞላ ጎርፉ ሜዳውን አቋርጦ ይሄዳል።

ከብት እንዳይገባ አጥር ብቻ አይበቃም። ሣሩን አጭዶ መውሰድ ለአካባቢው ገበሬ ከተፈቀደ፣ ገበሬው ራሱ ሜዳውን ይጠብቃል፤ ሣሩም ከስንዝር በላይ አያድግም። ቄራና የቆሻሻ መጣያ ደግሞ ከማረፊያው ይራቁ፤ አሞራ የሚሰበስቡት እነሱ ናቸው።

(ምስል፦ ጠባቂው በእግሩ ሲያስስ)

ጠባቂው ጎሕ ሲቀድ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ያስሳል። የዶሮ እንቁላል የምታህል ድንጋይ ፕሮፔለሩን ልትፈነክት ትችላለችና ይለቅማል። የረጠበ ቦታ ካለ ተረከዙን ተክሎ ይሞክረዋል፤ ከሰመጠ ጎማውም ይሰምጣል። ከዚያ ለፓይለቱ ይደውላል፦ ንፋሱ ከየት ነው? ውኃ የቆመበት አለ? ጉሙ የት ደርሷል? ጉሙን የሚለካው በሚያውቀው ምልክት ነው። 5 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ካልታየው፣ «ቆዩ፣ አይነሡ» ይላል።