ውል የማያነብ የቢዝነስ ምሩቅ አይውጣ

የተከበራችሁ መምህራንና የሥራ ባልደረቦቼ፣ የተወደዳችሁ ተማሪዎች፣

የትምህርት ክፍላችን ነባሮቹንና አዲስ ገቢዎቹን አንድ ላይ ሰብስቦ፣ እያንዳንዳችን ስለምናስተምረው ኮርስ ማብራሪያ እንድንሰጥ ጠይቆናል። ለእኔ የደረሰኝ የንግድ ሕግ ነው። የምዕራፎቹ ዝርዝር በእጃችሁ ባለው የኮርስ መግለጫ ላይ ስላለ እሱን በማንበብ ጊዜያችሁን አልሻማም። የመጣሁት ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረ አንድ ጉዳይ ይዤ ነው።

የአካውንቲንግ፣ የማኔጅመንትና የማርኬቲንግ ተማሪ የንግድ ሕግን የሚወስደው ለማለፍ ብቻ ነው። ነባሮቹ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። ፈተና ሲደርስ ከሲኒየር የተወረሰ ሃንድአውት ይባዛል፤ ትርጓሜው ይሸመደዳል፤ ፈተናው ላይ ተራግፎ ያልቃል። በዚህ መንገድ ኤ ያመጣ ተማሪ አንድ ሙሉ ውል ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ፊርማው ድረስ አንብቦ ሳያውቅ ጋዋን ይለብሳል። ጥፋቱን ተማሪው ላይ የሚደፋ ካለ አልስማማም። አንብብ ያለው የለም።

ከኮርሱ የመጀመሪያ ሳምንታት የማይጠፋውን የሰሎሞንን ጉዳይ ላንሳ። አሮን ሰሎሞን ለንደን ውስጥ የቆዳ ቦት ጫማ የሚያመርት ነጋዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 ንግዱን ለኩባንያ ሸጠ። የዘመኑ ሕግ ሰባት አባላት ይጠይቅ ስለነበር እሱ፣ ሚስቱና አምስት ልጆቹ ሆነው ኩባንያውን አቋቋሙ። ከ20,007 አክሲዮኖች 20,001ዱ የሰሎሞን ሲሆኑ ለስድስቱ ቤተሰቦቹ አንዳንድ ደረሳቸው። ከሽያጩ ዋጋ 10,000 ፓውንዱን በተመለከተ ደግሞ፣ ኩባንያው ንብረቱን መያዣ አድርጎ የዕዳ ሰነድ ጻፈለት። ብዙም ሳይቆይ ንግዱ ወደቀ። ሒሳብ አጣሪው ኩባንያው የሰሎሞን ሌላ ስሙ ነውና ዕዳውን ከኪሱ ይክፈል ብሎ ተከራከረ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤትም፣ ይግባኝ ሰሚውም በሰሎሞን ላይ ፈረዱ። ነገሩ የዚያ ዘመን የእንግሊዝ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የሆነው የጌቶች ምክር ቤት ሲደርስ ግን በ1896 መጨረሻ ላይ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ተገለበጠ፤ በሕጉ መሠረት የተቋቋመ ኩባንያ ከመሥራቹ የተለየ ሰው ነው፣ ዕዳውም የራሱ ነው ተባለ። በዱቤ ያቀረቡት፣ መያዣ ያልነበራቸው ገንዘብ ጠያቂዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ተማሪያችን ይዞት የሚወጣው «ኩባንያ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት አለው» የሚለውን አንድ መስመር ነው። መስመሩ ልክ ነው። ለቢዝነስ ሰው ግን ዋናው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይጀምራል። ቆዳውን በዱቤ ያቀረበው ነጋዴ ከመፈረሙ በፊት ምን ማየት ነበረበት? ገዢው ሰውዬው ነው ወይስ ኩባንያው? ንብረቱ ቀድሞ ለሌላ ተይዟል ወይስ አልተያዘም? ይህን የሚጠይቅ ፈተና አይቼ አላውቅም።

ከተመራቂዎቻችን አንዱ፣ ይህንኑ ኮርስ በከፍተኛ ውጤት ያለፈ ልጅ፣ በቅርቡ ወረቀት ይዞ ቢሮዬ መጣ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ ማህበር አቋቁመው ከባንክ ተበድረው ነበር። ሥራው ከሰረ። ልጁ ማህበሩ ቢወድቅ እንኳ የሚያጣው ያዋጣውን ገንዘብ ብቻ እንደሆነ እርግጠኛ ነበር። ወረቀቱን ገለጥኩት። ከብድር ውሉ ጀርባ የተያያዘ የዋስትና ሰነድ አለ፤ በዘጠነኛው አንቀጽ ላይ ፈራሚው ለዕዳው ሁሉ ከተበዳሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ እንደሚሆን ይላል። እንዲህ ከተጻፈ ባንኩ መጀመሪያ ማህበሩን ማሳደድ አይጠበቅበትም፤ በቀጥታ የልጁን በር ማንኳኳት ይችላል። ሰሎሞንን ያዳነችው፣ ኩባንያን ከመሥራቹ የምትለየው ያቺ ግድግዳ በገዛ ፊርማው ፈርሳለች። የልጁ ፊርማ በየገጹ ግርጌ አለ። የዋስትናን ትርጉም ጠይቁት፣ ዛሬም ቃል በቃል ይወጣዋል። ያልወጣለት ትርጉሙን ወረቀቱ ላይ ማግኘት ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አላስተማረውም።

እዚህ ላይ ሳልሸፋፍን ልናገር። «ሕግ የጠበቃ ሥራ ነው፤ ችግር ሲመጣ ጠበቃ ይቀጠራል» የሚል ንግግር በየስብሰባችን እሰማለሁ። ጠበቃው የሚጠራው ከተፈረመ በኋላ ነው! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ዴቢቱና ክሬዲቱ በሳንቲም ቢለያይ ተማሪውን እንቅልፍ የሚነሳ ትምህርት ክፍል፣ ቁጥሩን የወለደውን ውል ሳያይ እንዴት ያስመርቀዋል? የአካውንቲንግ መምህራን ምስክሮቼ ናችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ፣ አይኤፍአርኤስ 15፣ ገቢ ለመመዝገብ አምስት ደረጃ ያስቀምጣል፤ የመጀመሪያው ደረጃ ከደንበኛው ጋር ያለውን ውል መለየት ነው። ውሉን ማንበብ የማይችል ሰው ሁለተኛው ደረጃ ላይ እንዴት ይደርሳል? ሕግን ከሒሳብ የሚለየው የእኛ የክፍል ፕሮግራም ነው እንጂ ሥራው አይደለም!

በማርኬቲንግና በአቅርቦት ዘርፍ ያላችሁም ነገሩ አይቀርላችሁም። ኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ሰነድ ሲቀርብለት ለሻጩ ለመክፈል የሚገባው ቃል፣ ተከፍቶ ዕቃ ሲገዛ ባንክ የሚመረምረው ሰነድ ነው፣ ዕቃውን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የኤልሲ ደንብ፣ ዩሲፒ 600፣ ይህን በግልጽ አስቀምጧል፤ ለምርመራውም ቢበዛ አምስት የባንክ የሥራ ቀን ይሰጣል። ሰነዱ የተሟላ ከሆነ ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ዕቃ የተበላሸ ቢሆንም ባንኩ ይከፍላል። ስለዚህ ገዢው የኤልሲ ማመልከቻውን ሲሞላ የትኛው ሰነድ እንዲቀርብ እንደሚጠይቅ ማወቅ አለበት።

ለትምህርት ክፍሉ የማቀርበው ጥያቄ ሁለት ነው። ፈተናው ተማሪው ሕጉን ይዞ የሚገባበት ይሁን፤ ሽምደዳ ዋጋ እንዲያጣ። የውጤቱ ግማሽ ደግሞ እውነተኛ ውል አንብቦ ማን ምን እንደሚከፍል፣ መቼ እንደሚከፍልና ባይከፍል ምን እንደሚደርስበት በጽሑፍ በማስረዳት ይያዝ። እርማቱ አድካሚ እንደሆነ አውቃለሁ። የእኔን ክፍሎች በሙሉ እኔው አርማለሁ።

ያንን የዋስትና ሰነድ ልጁን አስፈቅጄ፣ ስሞቹን ሁሉ አጥፍቼ አባዝቼዋለሁ። በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አንዳንድ ቅጂ ውሰዱ። ሰኞ ክፍል ስትመጡ ዘጠነኛውን አንቀጽ አስምራችሁበት ኑ፤ ከመፈረማችሁ በፊት የትኛው ቃል እንዲለወጥ እንደምትጠይቁም በጎኑ ጻፉ።

አመሰግናለሁ።